ከመወዳደር በፊት፦ የፌስቡክ የድሮ ፖስት ማጽጃ ሲገመገም

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆችን የመመረቂያ ጽሑፍ ማተምና መጠረዝ፣ ጉርድ ፎቶ ማውጣት ነው። ምርጫ ሲቃረብ ግን ሌላ ዓይነት ደንበኛ ይመጣል። ወጣት ነው። ኮት ለብሷል፤ ኮቱ የታላቅ ወንድሙ መሆኑ ከትከሻው ላይ ያስታውቃል። መጀመሪያ የሕይወት ታሪኩን ያስጽፋል። ቀጥሎ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ቤቱ ሰው እስኪቀንስለት ይጠብቅና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«እትዬ፣ ፌስቡክ ላይ ያለ የድሮ ነገር ማጥፋት ይቻላል?»

ይቻላል። ፌስቡክ ራሱ ያዘጋጀው መሣሪያ አለ። ዛሬ የምገመግመው እሱን ነው። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ወሬዬ ግን ስለ መሣሪያው ብቻ አይሆንም። እኔ ቤት መጥተው የተጠቀሙበትን ልጆችም አነሳለሁ። ስም አልጠራም። ፓርቲያቸውንም አልናገርም። ከሁሉም ወገን መጥተውልኛል፤ ከሁሉም ወገን አፍረዋል።

መሣሪያው «አክቲቪቲ ሎግ» ይባላል። ፕሮፋይላችሁን ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥብ ስትነኩ ታገኙታላችሁ። አካውንቱን ካወጣችሁበት ቀን ጀምሮ የጻፋችሁት፣ ላይክ ያደረጋችሁት፣ ሰው ገጽ ላይ የሰጣችሁት ኮሜንት በቀን ተሰድሮ እዚያ ይጠብቃችኋል። ድሮ ማጥፋት የሚቻለው አንድ በአንድ ነበር። በፈረንጆቹ ሰኔ 2020 ግን ብዙ ፖስት በአንዴ ምልክት አድርጎ የማስወገድ ነገር ጨመሩበት። ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል። «አርካይቭ» ካላችሁ ፖስቱ ከሰው ዓይን ይሰወራል፤ ለእናንተ ብቻ ይታያል። «ትራሽ» ካላችሁ 30 ቀን ይቆይና ጨርሶ ይጠፋል። በ30 ቀኑ ውስጥ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ይህችን ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ ወደኋላ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያውን ኮከብ የሰጠሁት ነፃ በመሆኑ ነው። ከዳታ ሌላ አያስከፍልም። የይለፍ ቃላችሁንም ለማንም አትሰጡም። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። «የድሮ ፖስትህን በአንድ ደቂቃ እናጸዳለን» እያሉ የይለፍ ቃል የሚቀበሉ አፖች ሞልተዋል። እጩ ሆኖ አካውንቱን ለማያውቀው ሰው የከፈተ ልጅ ተኝቶ ሲነሳ በስሙ ምን ተጽፎ እንደሚያድር ማን ያውቃል? ኤክስ ላይ፣ የድሮው ትዊተር ማለቴ ነው፣ ብዙ ፖስት በአንዴ የሚያጠፋ የራሱ መሣሪያ የለም። እዚያ ያለ ሰው ወይ አንድ በአንድ ይለቅማል ወይ እነዚህን ሰዎች ያምናል።

ሁለተኛው ኮከብ በዓመትና በቀን ለይቶ ስለሚያሳይ ነው። እዚህ ላይ ግን የእኛ ሰው ይደናገራል። «እትዬ፣ በ2006 የጻፍኩት ነው» ይላል። 2006ን ስንከፍት ባዶ። ፌስቡክ ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነው በፈረንጆቹ 2006 መስከረም ላይ ነው፤ ያኔ ደንበኛዬ ገና ፊደል እየቆጠረ ነበር። የእኛ 2006 ከፈረንጆቹ 2013 መስከረም እስከ 2014 ጳጉሜን ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱንም ዓመት መክፈት ግድ ነው። መሐል ላይ አንዱን ረስቶ የሄደ ሰው አውቃለሁ።

ሦስተኛው ኮከብ ትንሽ ይገርማችሁ ይሆናል። የሰጠሁት መሣሪያው በደንብ ስለማይሠራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎጉ ውስጥ ቃል መፈለጊያ አለ። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይጠቅመው ይሆናል። አማርኛ ላይ ግን ያስቃል። «ሥልጣን» ብላችሁ ስትፈልጉ በእሳቱ «ስ» የጻፋችሁትን አያመጣም። «ሀገር» ብትሉት «ሐገር»ንም «አገር»ንም አያውቃቸውም። ደግሞ የዚያን ጊዜ ልጅ መቼ በግዕዝ ፊደል ጻፈ? ስልኩ ስለማይቀበለው በላቲን ነበር የሚለቀልቀው፤ አናባቢውን አውጥቶ፣ ቁጥር ቀላቅሎ። አንድን ስድብ በስድስት ዓይነት አጻጻፍ የሰደበ ልጅ አጋጥሞኛል። የትኛውን ብላችሁ ትፈልጉታላችሁ? ስለዚህ ቁጭ ብሎ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ነው። አንድም ሳያልፉ።

ይሄ ማንበብ ነው ሦስተኛውን ኮከብ ያስገኘለት። ወጣቱ ራሱን ከተቃዋሚው ቀድሞ ያነባል። በአንድ ደቂቃ የሚያጸዳ አፕ ቢያገኝ ኖሮ ምን ብሎ እንደነበር ሳያውቅ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር።

ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣውን ልጅ ላንሳ። ለምክር ቤት ሊወዳደር ነው። ዕድሜው ከ21 ካለፈ ብዙ አልቆየም፤ ሕጉ ለእጩ የሚጠይቀው 21 ነው። እንግዲህ ተቀምጠን ማንበብ ጀመርን። መጀመሪያ ፎቶዎቹ መጡ። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የራሱ ያልሆነ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ፣ «ላይክ በላይክ፣ ያላደረገ ይጠየፈኛል ማለት ነው» ብሎ። ተሳቀቀ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ይሄ ይጥፋ! ይሄም ይጥፋ!» አለ። ቀጥሎ ዳኛን የሰደበበት የኳስ ፖስት መጣ። እሱም ይጥፋ። ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ሴት ባለሥልጣን ስትሾም የጻፈው መጣ። ሴት ልጅ ወጥ እንጂ ወረዳ መምራት አይሆንላትም የሚል ነገር ነው። አሥራ ምናምን ላይክ አለው። አንዷ ላይክ አድራጊ አክስቱ ናቸው።

እዚያ ላይ ቆመ። «ይቺ እንኳ ችግር የላትም፤ ያኔ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚለው» አለኝ።

ጣቴን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። መነጽሩ ምን አደረገ? መነጽሩ የሚያስቀው እሱን ነው። ይሄኛው ግን ግማሹን መራጭ ይነካል። ሰው የሚያፍርበት ነገርና ሰው የሚጎዳበት ነገር አንድ አይደሉም። ወጣት ፖለቲከኛ ሁሉ፣ ያየሁትን ነው የምናገር፣ መጀመሪያ የሚሮጠው የሚያፍርበትን ለመደበቅ ነው። መሣሪያው ደግሞ ሁለቱን አይለይም። ሞተር ሳይክሉንም ስድቡንም በእኩል ዓይን፣ በቀን ደርድሮ ያቀርባቸዋል።

ፈረንጅ አገር የሆነውን ነገርኩት። ሥራ በሌለኝ ሰዓት ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ እወዳለሁ። እንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ ፓሪስ ብራውን የምትባል የ17 ዓመት ልጅ በፈረንጆቹ 2013 የወጣቶች የፖሊስና የወንጀል ኮሚሽነር ሆና ተሾመች። ደመወዟ በዓመት 15 ሺህ ፓውንድ ነበር። በቀናት ውስጥ ጋዜጣ ከ14 እስከ 16 ዓመቷ ትዊተር ላይ የጻፈችውን አወጣባት። መጠጥ አለበት፣ ዕፅ አለበት፣ ሰውን በዘሩና በማንነቱ የሚያስቀይም ነገርም አለበት ተባለ። ይቅርታ ጠየቀች፤ አለቀሰች፤ ሥራውን ለቀቀች። ካናዳ ካልጋሪ ላይ ደግሞ አላ ቡዝሬባ የምትባል የ21 ዓመት የሊበራል ፓርቲ እጩ በ2015 ከውድድር ወጣች። እሷም በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ሰው ላይ በጻፈችው ክፉ ቃል ነው።

በዚያው በ2015 ስኮትላንድ ውስጥ ማሪ ብላክ ተወዳደረች። 20 ዓመቷ ነው። ገና ዩኒቨርሲቲ አልጨረሰችም። የእሷም የድሮ ትዊት ጋዜጣ ላይ ወጣ። ስለ መጠጥ፣ ስለ ኳስ፣ ብልግና ያለበት አነጋገር። የተፎካከረችው ደግሞ የቀድሞ ሚኒስትር ከነበረው ከዳግላስ አሌክሳንደር ጋር ነው። በ5,684 ድምፅ አሸነፈችው። እስከ 2024 ድረስ ፓርላማ ውስጥ ቆየች።

ልጁ «ታዲያ ልዩነታቸው ምንድነው?» አለኝ። እኔ የሚመስለኝን ነገርኩት። የማሪ ብላክ አብዛኛው ነገር የነካው ራሷን ነው። ጠጥቼ ነበር፣ ሒሳብ እጠላለሁ፣ ያ ቡድን አይመቸኝም። መራጩም «የሠፈራችን ልጅ እኮ ናት» ብሎ አለፋት። የሌሎቹ ቃል ግን ሰው ላይ ያረፈ ነው። ያረፈበት ሰው ደግሞ ድምፅ አለው።

የሴቲቱን ፖስት ምን እንዳደረጋት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ሁለቱን ኮከብ ለምን እንደነፈግሁ።

አንደኛ፣ መሣሪያው የሚያጸዳው የእናንተን ገጽ ብቻ ነው። ሌላ ሰው የለጠፈውን ፎቶ ማጥፋት አይችልም፤ ስማችሁን ከፎቶው ጋር ያያያዘውን ታግ ብቻ ነው የሚያነሳው። ፎቶው ለጣፊው ገጽ ላይ ይቀመጣል። ስክሪንሾት የተነሳውማ ከናካቴው አይነካም። ቴሌግራም ላይ ከቡድን ወደ ቡድን የተላለፈውም እንደዚያው፤ የመጀመሪያውን ብታጠፉት ፎርዋርድ የተደረገው አብሮ አይጠፋም። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ቪዲዮው ሲወርድ የአካውንታችሁን ስም ይዞ ነው የሚወርድ። የእኛን ነገር የሚያባብሰው ሌላም አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እዚህ ያለ ሰው የራሱን ገጽ መክፈት አይችልም። ሌላ ቦታ ያለው ግን የዚያኑ ሰው የድሮ ፖስት እየከፈተ ያነባል፣ ፎቶ ያነሳል። ዳታ ሲመለስ ስሙ የት የት እንደዋለ ያየ ልጅ አውቃለሁ። ያኔ የቱን ያጽዳ?

ሁለተኛው ጥፋት ይበልጣል። መሣሪያው «ትራሽ»ን በጣም ቀላል አድርጎታል።

አንድ ልጅ መጣ። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው፤ እዚህ ነው የሚሠራው። እኔን ሳይጠይቅ በፊት በራሱ ስልክ ሁሉንም ፖስት ትራሽ ከቶታል። 30 ቀኑም አልፏል። ንጹሕ ገጽ ይዞ ተወዳደረ። ብዙም ሳይቆይ ቴሌግራም ላይ አንድ ስክሪንሾት መዞር ጀመረ። የእሱ ስም አለበት፣ ፎቶው አለበት፣ ከስሩ የጎረቤት ወረዳን ሰዎች የሚሰድብ ሁለት መስመር አለ። ቀን የለውም። ታችኛው ክፍል ተቆርጧል።

ልጁ እያለ የሚምለው እንዲህ ነው። ስድቡ የእሱ አይደለም። ሌላ ሰው ታክሲ ውስጥ የተናገረውን ጠቅሶ፣ ከስር «እንዲህ የሚል ሰው አብሮን ሲኖር ያሳፍራል» ብሎ ነበር የጻፈው። ከስር ያለው ነው የተቆረጠው። ጓደኞቹ ያስታውሳሉ። «ልክ ነህ፣ እንዲያውም ኮሜንት ሰጥቻለሁ» የሚሉ አሉ። ግን ዋናው ፖስት የለም። ኮሜንቶቹም አብረው ጠፍተዋል። ቀኑ የለም። በዓለም ላይ የቀረው ቅጂ ያ የተቆረጠው ብቻ ነው። ሰው ሲጠይቀው «አጥፍቼዋለሁ» ይላል። «ካልሰደብክ ለምን አጠፋኸው?» ይሉታል። ምን ይመልሳል?

አርካይቭ አድርጎት ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ መልሶ ያወጣው ነበር። ከነቀኑ፣ ከነኮሜንቱ። እኔ ቤት ለሚመጣ ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምለው ይሄንኑ ነው። ማውሱን የምሰጠው መጀመሪያ የመረጃቸውን ቅጂ ካወረዱ በኋላ ነው። ፌስቡክ ይፈቅዳል፤ «መረጃህን አውርድ» የሚል ቦታ አለው። ስታወርዱ ግን በሁለት መልክ ይጠይቃችኋል፣ ኤችቲኤምኤል ወይስ ጄሰን። ኤችቲኤምኤልን ምረጡ። ጄሰን ካላችሁት የአማርኛው ፊደል ተበላሽቶ ነው የሚመጣው፤ ፖስታችሁ ሁሉ የማይነበብ ምልክትና ቁጥር ይሆናል። ከዚያ በኋላ አርካይቭ። ትራሽ መጨረሻ ላይ፣ ለሞተር ሳይክሉ።

የቸኮለ ሰው «ያለፉ ፖስቶችን ገድብ» የሚለውንም ይጠቀም። በአንድ ንክኪ ለሕዝብ ክፍት የነበረውን ሁሉ ለጓደኛ ብቻ ያደርገዋል። ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን እንደዚያ በአንድ ንክኪ አይሆንም፣ አንድ በአንድ ነው። ደግሞስ አምስት ሺህ ጓደኛ ላለው ሰው «ለጓደኛ ብቻ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ነገር ግን አልነካም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ከወጣ ወዲህ አንዳንዱ ፖስት ከሐፍረት ያለፈ ነው። ክስ ያለበት ወይም ፖሊስ የጠየቀበት ነገር ይዞ የሚመጣ ካለ ጠበቃ ጋ ሂድ እለዋለሁ። ማስረጃ ማጥፋት የፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ አይደለም።

የሴቶቹ ነገር ለብቻው ነው። አንዲት የከተማችን ልጅ መጣች። ጎበዝ ናት፤ ስትናገር ሰው ያዳምጣታል። ጭንቀቷ አንድ ፎቶ ነው። የምረቃዋ ቀን፣ ቀሚሷ አጠር ያለ፣ በእጇ የቢራ ብርጭቆ። የለጠፈችው ጓደኛዋ ናት፤ አሁን አረብ አገር ነው ያለችው። እንዳልኳችሁ መሣሪያው ታጉን እንጂ ፎቶውን አያነሳም። ጓደኛዋን ኢንቦክስ ብታደርጋት አላየችውም። እኔ ቤት አረቄ ይዞ ፎቶ የተነሳ ወንድ እጩ ስንት መጥቶልኛል! አንዱም አልተጨነቀም፤ ማንም አልጠየቀውም። ለሷ ግን እናቷ ሳይቀሩ አልቅሰዋል።

የአሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝን ነገር አሳየኋት። 29 ዓመቷ ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ገባች። በጥር 2019፣ ቃለ መሐላ በምትፈጽምበት ሰሞን፣ ዩኒቨርሲቲ እያለች ጣሪያ ላይ ስትደንስ የተቀረጸ ቪዲዮ እንደ ጉድ ተለቀቀባት። እሷ ምን አደረገች? በማግስቱ የቢሮዋ በር ላይ ስትደንስ ቪዲዮ ቀርጻ ራሷ ለጠፈችው። ወሬው እዚያው ሞተ። ልጅቷ አይታ ሳቀች፤ ግን «እትዬ፣ እዚህ ብደንስ እኮ እኔ ነኝ የምሞተው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዋሽንግተን የሠራው ሁሉ ደብረ ብርሃን አይሠራም።

የራሷን መንገድ አገኘች። ታጉንም አላነሳችውም፣ ተወችው። ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ ስልክ ከፍ አድርገው «ልጄ፣ ይቺ አንቺ ነሽ?» አሏት። ሰው ዝም አለ። «አዎ አባባ፣ ምረቃዬ ነበር» አለች። «ቢራውም እዚሁ ከተማችን የተጠመቀ ነው።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የቢራ ፋብሪካው የስንት ቤት እንጀራ እንደሆነ የማያውቅ የለማ። ሽማግሌውም ሳቁ። እሷ ወዲያው ወደ ውሃው ጉዳይ ተመለሰች፤ ሳምንት ሙሉ ቧንቧ ስለማይመጣባቸው ቀበሌዎች። ፎቶውን ደግሞ ያነሳ ሰው አልሰማሁም።

የፈረንጆቹና የእኛ አንድ ልዩነት አለ። እነሱ ጋ ወጣቱን የሚያሳፍረው ስካሩና ስድቡ ነው። እኛ ጋ ከዚያ የባሰ አለ፦ የትናንት ሙገሳ። ዛሬ የሚቃወመውን ሰው ትናንት ፕሮፋይል ፎቶ አድርጎት ነበር። ዛሬ የሚያሞግሰውን ትናንት ረግሞታል። በአሥር ዓመት ውስጥ ፖለቲካው ስንት ጊዜ ተገለባበጠ? ልጁም አብሮ ተገለባበጠ። የመሐል ሜዳው ልጅ ከመነጽሩ፣ ከኳሱ፣ ከሴቲቱ ቀጥሎ ያላበው እዚህ ላይ ነው። ረዥም ሙገሳ፣ በግጥም። ደግሞ የ15 ዓመት ልጅ የጻፈው አይደለም። 20 ሞልቶት ነበር።

«ልጅ ነበርኩ» የሚለው መልስ ልክ አለው። ለ15 ዓመት ልጅ ይሠራል። ለ20 ይንገዳገዳል። ከዚያ በላይ ሌላ መልስ ያስፈልጋል። የኒው ዮርኩን ዞራን ማምዳኒን አስቡት፣ ካምፓላ የተወለደውን። በ2020 በከተማው ፖሊስ ላይ ከባድ ከባድ ነገር ትዊት አድርጎ ነበር። ያኔ 28 ዓመቱ ነው፤ ልጅ ነበርኩ ማለት አይችልም። በ2025 ለከንቲባነት ሲወዳደር ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ፖሊሶቹን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በኅዳር አሸነፈ። ይቅርታው ነው ያስመረጠው አልልም። ግን ትዊቱን ሰው ሲያነሳበት መልስ ነበረው።

የመሐል ሜዳው ልጅ እንግዲህ እንዲህ አደረገ። መነጽሩንና ሞተር ሳይክሉን ትራሽ ከተትናቸው፣ በሰላም ይረፉ። የኳሱን አርካይቭ አደረግነው። ሙገሳውን ተወው። ከስሩ በኮሜንት «ይህን ስጽፍ አምኜበት ነበር። ዛሬ አላምንበትም። ምክንያቴን ለሚጠይቀኝ እናገራለሁ» ብሎ ጻፈ። አንዳንዱ ተሳለቀበት። አንዳንዱ መጥቶ ምክንያቱን ጠየቀው፤ ጥሩ ጥሩ ክርክር ሆነ አሉ።

የሴቲቱ ፖስት ላይ ግን ብዙ ተሟገትን። እሱ ማጥፋት ፈለገ። እኔ ደግሞ ቅጂው የሆነ ሰው ስልክ ላይ እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ። በመጨረሻ አርካይቭ አደረገውና አዲስ ፖስት ጻፈ። መጀመሪያ የጻፈውን ሳነበው «ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ» ይላል። ይሄ ይቅርታ አይደለም፤ ጥፋቱን ቅር ላለው ሰው መልሶ ማሸከም ነው። አስጠፋሁት። ሁለተኛው አጭር ነበር። ምን እንዳለ ተናገረ፣ ስህተት መሆኑን ተናገረ፣ የአካባቢውን የሴቶች ማኅበር ሄዶ እንደሚያነጋግር ጻፈ። ሄደም። እዚያ ምን እንደገጠመው አልነገረኝም፤ ሲመለስ ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር። አክስቱ ላይካቸውን አንስተው እንደሆነ አላውቅም።

ለመጠቀም ለምትፈልጉ አንዳንድ ነገር ልጨምር። ሃምሳ ስልሳ ፖስት በአንዴ ምልክት አድርጋችሁ አትላኩ። ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን ግማሹን ሠርቶ ግማሹን ይተወዋል፣ የትኛው እንደቀረ አይነግራችሁም። በትንሽ በትንሹ ይሻላል። ሰው ገጽ ላይ የሰጣችሁት ኮሜንት ከፖስት ተለይቶ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፤ ብዙ ሰው ፖስቱን አጽድቶ ኮሜንቱን ይረሳል። ክፉ ክፉው ነገር ደግሞ ያለው ኮሜንት ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ኑ፤ መብራትም ኔትወርክም ይሻላል። የፓርቲ ሰው ከኋላችሁ አቁማችሁ አትምጡ። አንዱ እንዲህ አድርጎ፣ ልጁ የድሮ ፍቅረኛውን ግጥም እያነበበ አብሮት የመጣው ሰው ማስታወሻ ይይዝ ነበር።

መሣሪያው ጨርሶ የማይረዳበት አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ የተረሳ ሁለተኛ አካውንት። የመሐል ሜዳው ልጅ ሒሳብ ከፍሎ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «እትዬ» አለኝ፣ «ሌላም ነበረኝ።» ስሙ ምን መሰላችሁ? «ብቸኛው አንበሳ»። የይለፍ ቃሉን አያስታውስም። የተከፈተበት ሲም ካርድ ከጠፋ ቆይቷል። ፌስቡክ ኮድ የሚልከው ደግሞ ወደዚያው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ደወልንበት፤ ጠራ። አንዲት ሴትዮ አነሱት፣ ደብረ ሲና ቆሎ ይነግዳሉ። ቁጥሩን ከገዙት ዓመታት አልፏቸዋል። ልጁ በትሕትና አስረዳቸው፤ አሁን አንድ ኮድ ይገባልዎታል፣ ያንብቡልኝ እንጂ ሌላ ምንም አላስቸግርዎትም አላቸው።

«ወግድልኝ!» አሉት። «ኮድ ለማንም አትስጡ ተብለናል።» ዘጉት።

ልክ ናቸው። ብቸኛው አንበሳ እስካሁን ፌስቡክ ላይ አለ።